ዓምደኛው ቃል አቀባይ ሲሆን፦ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ጥያቄና ብዕር ያነሱ ልጆቻቸው

 

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። አንድ ሕዝብ በምርጫው የሚናገርለት ተወካይ በሌለው ጊዜ ማን ይናገርለታል? ጥያቄው በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ብዙ መልስ አለው። በአንዱ ዘመን ሸህ ተናገረ፣ በሌላው ዘመን ሽማግሌ ተናገረ። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ግን ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች በይበልጥ የተናገሩት የጋዜጣና የመጽሔት ዓምደኞች ናቸው። ማንም ድምፅ ሰጥቶ አልመረጣቸውም። ደመወዛቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሆኖም የአንድ ትልቅ ማኅበረሰብ ጥያቄ ወደ አደባባይ የወጣው በእነሱ ዓምድ ነው፤ ጥያቄው ወንጀል ሆኖ ሲቆጠርም ቀድመው ወኅኒ ከወረዱት መካከል እነሱ አሉበት።

የምንናገረው ስለ ጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም መሆኑን መዝግቧል። ከሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሕዝብ ድምፁ በጥቂት ወጣቶች ብዕር ላይ የተንጠለጠለው ለምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ከጋዜጣ በፊት

የኢትዮጵያ ሙስሊም ጽሑፍ የለውም የሚል ካለ ወሎን አያውቅም። በዳና፣ በገታ፣ በሌሎችም የወሎ የትምህርት ማዕከላት ሊቃውንቱ በአረብኛ ይጽፉ ነበር። አማርኛን ደግሞ በአረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ ዐጀሚ የሚባለው ይህ ነው። በመንዙማ የምንሰማው ግጥም ብዙው በዚህ መልክ የተጻፈ ነው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም በግድ ክርስትና እንዲነሳ ባዘዙ ጊዜ፣ ከተቃወሙት ሊቃውንት አንዱ ሸህ ጦልሃ ቢን ጀዕፈር ነበሩ። ሸህ ጦልሃ ሃይማኖቱንም ሆነ የወገናቸውን ብሶት በአማርኛ ግጥም፣ በአረብኛ ፊደል ጽፈዋል። የሟቹ የታሪክ ምሁር የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ጥናቶች ባይኖሩ ኖሮ ይህን ታሪክ አብዛኞቻችን ሳናውቀው እንቀር ነበር።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጽሑፉ ነበረ፤ ሊቃውንቱም ነበሩ። ነገር ግን ዐጀሚን የሚያነበው የመድረሳ ተማሪ እንጂ የመንግሥት ሹም አልነበረም። ሹሙ የሚያነበው የግዕዝ ፊደል ነው። ስለዚህ ብሶቱ በማኅበረሰቡ ውስጥ ይዘመራል እንጂ ቤተ መንግሥት አይደርስም።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጋዜጣ መጣ። አዲስ ዘመን ነበረ፤ ለአረብኛ አንባቢዎች ደግሞ አል-ዓለም የሚባል ጋዜጣ ነበረ። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። አል-ዓለም መንግሥት ለሙስሊሙ የሚናገርበት ነበር፤ ሙስሊሙ ለመንግሥት የሚናገርበት አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ይሉ እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል። ሙስሊሙም በመንግሥት አንደበት የሚጠራው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ ነበር። እንግዳ በሰው ቤት እንደሚጠራ ማለት ነው።

ሁለት ነገሮች ግን መንገድ ጠረጉ። አንደኛው በ1961 ዓ.ም. የወጣው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ነው። ያ ሥራ ለሃይማኖቱ ካለው ጥቅም ሌላ፣ እስልምና በአማርኛ፣ በግዕዝ ፊደል፣ በክብር ሊነገር እንደሚችል አሳየ። ሁለተኛው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ሰላማዊ ሰልፍ ነው። ወደ አንድ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶችም አብረው ወጡ። የጠየቁትም ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ የሙስሊም በዓላት እንዲከበሩ፣ በመንግሥት ሥራ አድልዎ እንዲቀር፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ የቃል ጥያቄ ነው። መሬትም፣ ገንዘብም፣ ሥልጣንም አይደለም፤ ስም ነው። ሕዝብ ስሙን ለማስተካከል አደባባይ ከወጣ፣ ስሙን በየሳምንቱ አስተካክሎ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ገና አልተወለደም ነበር። ደርግ ሦስት የሙስሊም በዓላትን የሕዝብ በዓል አደረገ። ዒድ አል-ፊጥር፣ ዒድ አል-አድሃ እና መውሊድ በአገር አቀፍ ደረጃ መከበራቸው ታላቅ እርምጃ ነበር። መጅሊስም በደርግ ዘመን ተቋቋመ። ሳንሱሩ ግን ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እኩል አፍ ዘጋ።

ቢላል የሚባል ስም

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 ወጣ፤ ሳንሱር ቀረ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በየመንገዱ ዳር፣ በየአውቶብስ ፌርማታው ጋዜጣና መጽሔት እንደ ጎመን ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ከእነዚያ መካከል የሙስሊሙ ኅትመቶች ነበሩ። ቢላል፣ ሒክማ፣ አል-ቁድስ፣ ሰለፊያ፣ ሌሎችም በየጊዜው ተነሡ፤ አንዳንዶቹ ቆዩ፣ አንዳንዶቹ በጥቂት እትም ቀሩ።

ስሞቹን እንመልከት። ቢላል ማን ነው? ከሐበሻ ምድር ዘሩ የሚመዘዝ፣ በእስልምና የመጀመሪያው ሙአዚን፣ ለሶላት በድምፁ የጠራ ሰው ነው። ለጋዜጣ ይህን ስም መስጠት በራሱ አንድ ርዕሰ አንቀጽ ነው። ሐበሻና እስልምና ከመጀመሪያው ቀን ይተዋወቃሉ፣ ድምፃችንም ከጥንት ይሰማ ነበር ማለት ነው። አንባቢው ሽፋኑን ሲያይ ገና ሳይገልጠው የተነገረው ነገር ነበረ።

በእነዚህ ኅትመቶች ላይ ይጽፉ የነበሩት እነማን ናቸው? አብዛኞቹ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ከፊሎቹም ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶች ነበሩ። አባቶቻቸው ሃይማኖቱን በአረብኛ ተምረው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያስተምሩ ነበር። ልጆቹ ደግሞ በአማርኛ ተምረው፣ በአማርኛ ተከራክረው፣ ሕገ መንግሥት እየጠቀሱ ይጽፉ ጀመር። ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ሸሁ ለምእመኑ ይናገራል። ዓምደኛው ግን በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው ይናገራል፦ ለምእመኑም፣ ጎረቤት ለተቀመጠው ክርስቲያንና ቢሮ ለተቀመጠው ሹምም። ቃል አቀባይ የሚያሰኘው ይህ ነው።

ሥራቸው ከቃል ይጀምር ነበር። በአማርኛ ሕዝቡ ሰውየውንም «እስላም»፣ ሃይማኖቱንም «እስላም» ይል ነበር። ዓምደኞቹ ሰውየው ሙስሊም ነው፣ ሃይማኖቱ እስልምና ወይም ኢስላም ነው እያሉ ሳይሰለቹ ጻፉ። ዛሬ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ሁሉ «ሙስሊም» ይላሉ፤ ይህ ልማድ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። በታሪክም እንዲሁ ነው። በትምህርት ቤት «ግራኝ» ተብሎ የተማርነውን ሰው እነሱ «ኢማም አሕመድ» ብለው ጻፉት። ብዙ ክርስቲያን አንባቢ በዚህ ተቆጥቷል፤ ቁጣውም ከንቱ አይደለም፤ የተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናት ትዝታ አለውና። ነገር ግን ክርክሩ በጋዜጣ ገጽ ላይ መሆኑ በራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ድሮ እያንዳንዱ ወገን በየቤቱ ለየራሱ ይተርከው የነበረ ታሪክ፣ አሁን አንዱ ሌላውን እያነበበ የሚሟገትበት ሆነ።

ከቃልና ከታሪክ በኋላ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ይመጣል። ሴት ተማሪዎች ሒጃብ ለብሰው ይማሩ ወይስ አይማሩ? ለመስጊድና ለመቃብር ቦታ ለምን አይሰጥም? መጅሊሱን ማን መረጠው? ገንዘቡንስ ማን ይቆጣጠረዋል? እነዚህ በየከተማው ያለ ሙስሊም በየቤቱ የሚያወራቸው ነገሮች ነበሩ። ዓምደኛው ያደረገው የተበታተነውን ወሬ ሰብስቦ፣ በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ ከሕግ አንቀጽ ጋር አስተያይቶ ማተም ነው። ጅማ ያለው አንባቢ የራሱን ችግር ደሴ ካለው ሰው ችግር ጋር በአንድ ገጽ ላይ ሲያየው፣ ችግሩ የቀበሌው ሊቀ መንበር ክፋት ብቻ አለመሆኑ ይገባዋል። የጋዜጣ ጉልበት ይህ ነው። አገርኛው አባባል «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። ሕዝብም ካልተናገረ የዜግነት መብቱ እንኳ ይቀርበታል።

ነፃነቱ ግን ረጅም ዕድሜ አላገኘም። የካቲት 14 ቀን 1987 ዓ.ም. በመርካቶ በታላቁ አንዋር መስጊድ፣ በመጅሊሱ አመራር ጉዳይ በተነሣ ግጭት ፖሊስ ገብቶ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ፣ ብዙዎች ታሰሩ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የሙስሊም ማኅበራትንና ኅትመቶችን በጥርጣሬ ዓይን ያይ ጀመር። መጅሊሱም ከምእመኑ ይልቅ ወደ መንግሥት የቀረበ ነው የሚለው ቅሬታ እየበረታ ሄደ። እንግዲህ እዩ፤ በሕግ የታወቀው ተወካይ አመኔታ ባጣ ቁጥር የዓምደኛው ቃል ክብደት ጨመረ። ዓምደኛው ሥልጣን ፈልጎ አይደለም፤ ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ነው።

ዓምድ ወንጀል ሲሆን

ወንበሩን የያዘ ሰው ዋጋ ይከፍላል። በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የሰለፊያ ጋዜጣ አዘጋጅ የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ጥፋቱ ምን ነበር? ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥት የትምህርት ተቋማት የሙስሊም ሴት ተማሪዎችን የሒጃብ አለባበስ ለመገደብ ያቀረበውን ሐሳብ የሚተች ጽሑፍ ማተሙ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ራሱ አዘጋጁ እንኳ አልነበረም፤ እንግዳ ዓምደኛ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የአል-ቁድስ አዘጋጅ ተፈረደበት። ክሱ የተመሠረተው በ2000 ዓ.ም. በታተሙና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ሃይማኖት ጉዳይ የተናገሩትን በሚተቹ ዓምዶች ላይ ነበር። ሁለቱም የተከሰሱት በአሮጌው የ1985ቱ የፕሬስ ሕግ ሲሆን፣ ፍርዱ የተሰጠው ግን በ2000 ዓ.ም. አዲስ የፕሬስ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው።

የሁለቱን ጉዳዮች ይዘት አስተውሉ። አንዱ የልጃገረዶች ትምህርት ጉዳይ ነው፣ ሌላው የአንድ ባለሥልጣን ንግግር ትችት ነው። ጦር የጠራ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ዓምደኞቹ ያደረጉት ይህን አንቀጽ ማንበብ ነበር።

ከዓምድ ወደ ኮሚቴ

ከዚያ 2004 ዓ.ም. መጣ። ከሊባኖስ የመጣው የአሕባሽ አስተምህሮ በመጅሊሱ በኩል በሥልጠና መልክ ይሰጥ ነበር፤ ምእመኑም መንግሥት ሃይማኖት እየመረጠልን ነው ብሎ ተነሣ። በአወሊያ ትምህርት ቤት የአረብኛ መምህራን መባረራቸው እሳቱን ለኮሰው። በጥር 2004 ዓ.ም. ሕዝቡ በአወሊያ ተሰብስቦ 17 አባላት ያሉት መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መረጠ። ጥያቄው ሦስት ነበር፦ የመጅሊስ ምርጫ በነፃነት በመስጊዶች ይካሄድ፤ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዳጅ መጫኑ ይቁም፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር።

በዚህ ኮሚቴ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነቱን ሥራ የያዙት ኡስታዝ አህመዲን ጀበል ነበሩ። ኡስታዝ አህመዲን በየሙስሊሞች ጉዳይ መጽሔት ላይ ይጽፉ የነበሩ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች ከ615 እስከ 1700 ስላለው ታሪክ መጽሐፍ ያሳተሙ ሰው ናቸው። እዚህ ላይ ታሪኩ ይጠመዘዛል። እስከዚያች ቀን ዓምደኛው ቃል አቀባይ የሆነው በልማድ ነበር፤ አሁን ግን በሕዝብ ምርጫ ሆነ። ትናንት በወረቀት ላይ የጻፈውን ዛሬ በሚኒስትር ፊት ቀርቦ እንዲናገር ተላከ። ሕዝቡ ለምን ዓምደኛ መረጠ? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ለዓመታት ስሙን ጽፎ፣ በስሙ ተጠያቂ ሆኖ ያየው ሰው እሱ ነበር። ንግግሩን ያውቀዋል፤ አቋሙን አንብቧል። ከዚያ የተሻለ የምርጫ ቅስቀሳ ከየት ይመጣል?

የሙስሊሞች ጉዳይ መጽሔትም በየእትሙ የአወሊያን ጉዳይ ይዘግብ፣ ይተነትን ነበር። ሐምሌ 2004 ዓ.ም. ላይ የኮሚቴው አባላት ሲታሰሩ፣ የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸውም ታሰረ። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ የመጽሔቱ ማኔጂንግ ኤዲተር ሰለሞን ከበደ ታሰረ። ሌሎች የመጽሔቱ ባልደረቦች ተሰደዱ፣ መጽሔቱም ቆመ። አንድን ማኅበረሰብ ዝም ለማሰኘት መሪዎቹን ማሰር በቂ እንዳልሆነ መንግሥት ገብቶት ነበር ማለት ነው፤ ጸሐፊዎቹም መታሰር ነበረባቸው።

ዱላው ሙስሊሙ ጸሐፊ ላይ ብቻ አላረፈም። በዚያው ሐምሌ የፍትህ ጋዜጣ እትም እንዳይሰራጭ ታገደ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ስለ ሙስሊሞቹ ተቃውሞ መጻፉ ነበር። በ1966ቱ ሰልፍ ክርስቲያኑ በእግሩ አብሮ እንደወጣ ሁሉ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በብዕሩ አብሮ የቆመ ነበረ። ይህ ሊረሳ አይገባም።

ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ላይ 29 ሰዎች በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ፍርድ ቤት ገና ማስረጃ ሳይመዝን፣ ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. «ጅሃዳዊ ሐረካት» የሚባለው ፊልም ፍርድ ቤት አግዶት ሳለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። በምርመራ ላይ ያሉ ሰዎች ለሕዝብ እንደ ወንጀለኛ ታዩ። ዓምደኛ በዕድሜው ሁሉ የሚታገለው ትረካውን ነው፤ የራሱን ሕዝብ ታሪክ ራሱ ለመናገር ነው። እነሆ በአንድ ምሽት የእሱ ታሪክ በሌላ ሰው ድምፅ ለመላው አገር ተተረከ፤ እሱ ግን መልስ መስጠት አይችልም። ከእስራቱ ይልቅ የሚመረው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቡበከር አሕመድና አህመዲን ጀበል 22 ዓመት ከተፈረደባቸው መካከል ነበሩ። ጋዜጠኛ ዩሱፍ ጌታቸው 7 ዓመት ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በይቅርታ ተፈታ። የራዲዮ ቢላል ጋዜጠኞች ዳርሰማ ሶሪና ካሊድ መሐመድም በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው ከአራት ዓመት በላይ ተፈረደባቸው። ኡስታዝ አህመዲን የተፈቱት የካቲት 2010 ዓ.ም. ነው፤ ከእነ እስክንድር ነጋና አንዱዓለም አራጌ ጋር።

ስም ያለው ድምፅና ስም የሌለው ድምፅ

ኮሚቴው ከታሰረ በኋላ ምን ሆነ? ዝምታ አልመጣም። «ድምፃችን ይሰማ» የሚለው የፌስቡክ ገጽ የሕዝቡ አንደበት ሆነ። ማን እንደሚጽፍበት አይታወቅም። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሕዝቡ በአንድ ላይ ነጭ ወረቀት ወይም ቢጫ ካርድ ያነሳል፣ ወይም ዝም ብሎ ይቆማል፤ ጥሪው የሚወጣው ከዚያ ገጽ ነበር። በውጭ ያለውም ማኅበረሰብ በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በየከተማው ድምፁን አሰማ። በአገር ቤት የተዘጋውን ዓምድ የሳተላይት ቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ራዲዮ ተኩት።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችን ልንናገረው የሚገባ ነገር አለ። ሦስት ዓይነት ቃል አቀባዮች አየን። የመጀመሪያው በስሙ ጽፎ፣ በአካሉ እዚያው የሚኖር ዓምደኛ ነው። ቢሳሳት ጎረቤቱ ይጠይቀዋል፣ ባይሳሳትም መንግሥት ያስረዋል። ሁለተኛው ስም የሌለው ገጽ ነው። ሊታሰር አይችልም፤ ሊጠየቅም አይችልም። ሦስተኛው በውጭ ያለነው ነን። ስማችን ይታወቃል፤ አካላችን ግን ዱላው በማይደርስበት ቦታ ነው። ለምንናገረው ቃል ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ እኛ ሳንሆን ሰምቶን የወጣው ልጅ ነው። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው አባባል ለእኛ በእጥፍ ይሠራል። ለሌላው መናገር ተገቢ ነው፤ በሌላው ጀርባ ላይ ሆኖ መጀገን ግን ሌላ ነገር ነው።

ዓምደኞቹንም ያለ ነቀፋ አንለፋቸው። እንከን አልነበራቸውም ብንል ውለታቸውን ማሳነስ ነው። አብዛኞቹ ጽሑፎች ከአዲስ አበባ የሚወጡ፣ በአማርኛ የሚጻፉ ነበሩ፤ የኦሮሞው፣ የሶማሌው፣ የአፋሩ፣ የስልጤው ሙስሊም በአማርኛ በተጻፈ ዓምድ ምን ያህል ተወክሏል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ዋነኛው የክርክር ርዕስ የሴቶች ሒጃብ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ሒጃብ የሚጽፉት በብዛት ወንዶች ነበሩ። ሱፊው፣ ሰለፊው፣ ሌላውም በየኅትመቱ እርስ በርሱ ተጓሽሟል፤ የአንዳንዱ ጋዜጣ ስም ራሱ የትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል። አንዱ «የኢትዮጵያ ሙስሊም እንዲህ ይላል» ብሎ ሲጽፍ፣ ወሎ ያለው የመንዙማ ሸህ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» ሊል ይችል ነበር። ቃል አቀባይ መሆን ያለው ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ የራስን ሐሳብ የሕዝብ ሐሳብ አድርጎ ማቅረብ ቀላል ነው።

በ2004 ዓ.ም. የሆነው ነገር ታላቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች የአንድ መዝሀብ ጥያቄዎች አልነበሩም። ሱፊውም ሰለፊውም ተወካዬን ልምረጥ፣ ሃይማኖቴን መንግሥት አይምረጥልኝ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ዓምደኞቹ ኮሚቴ ውስጥ ሲገቡ የየግላቸውን ዓምድ ትተው ሁሉም የሚስማማበትን ብቻ ይዘው ቀረቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ወንበሩ ሲሞላ

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ነገሮች ተለወጡ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት የተለያዩት ወገኖች በአንድ ጥላ ሥር ተሰባሰቡ፤ ሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ መሪነቱን ያዙ። በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ለዚህ ዕለት ስንት ሰው ታስሯል፣ ስንቱ ተሰድዷል፣ ስንቱ ሞቷል።

ታዲያ አሁን ዓምደኛው ያስፈልጋል? አያስፈልግም የሚል ሊኖር ይችላል። ተወካይ ተቋም ካለ ተቋሙ ይናገር ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የእስካሁኑ ታሪክ የሚያሳየን ዓምደኛው ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራ እንደነበር ነው። አንደኛው ለሕዝቡ መናገር ነው፤ ሁለተኛው ሕዝቡን የሚወክሉትን መጠየቅ ነው። የመጀመሪያውን ሥራ አሁን ተቋሙ ሊረከበው ይችላል፤ ይረከበውም። ሁለተኛውን ግን ተቋም ራሱ በራሱ ላይ ሊሠራው አይችልም። በ1980ዎቹ መጅሊሱን ማን መረጠው፣ ገንዘቡንስ ማን ይቆጣጠረዋል ብለው የጠየቁት ጋዜጦች፣ ጥያቄው ዛሬም ሊጠየቅ እንደሚገባ ያስተምሩናል። የሚመሩት የምናከብራቸው ሰዎች ቢሆኑ እንኳ፣ የምናከብራቸው ከሆነማ በይበልጥ መጠየቅ አለባቸው።

የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የቀድሞው ዓምደኛ ጊዜ ነበረው። ጽሑፉን ጽፎ፣ አዘጋጅ አይቶት፣ ማተሚያ ቤት ገብቶ እስኪወጣ ሰባት ቀን አለው። በሰባት ቀን ውስጥ ንዴት ይበርዳል፣ ስም ይጣራል፣ አንቀጽ ይመሳከራል። የዛሬው ተናጋሪ ስልኩን አውጥቶ ቀጥታ ይገባል። መስጊድ ተቃጠለ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ የሚል ወሬ ሳይጣራ በደቂቃ ውስጥ አሜሪካና ጅዳ ይደርሳል። ሞጣ ላይ በ2012 ዓ.ም. መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ በሌላም ቦታ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ አይተናል። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ሰው አንደበት እሳት ያጠፋል ወይም ቤንዚን ይጨምራል። ቀስ ብሎ የሚጽፍ፣ ስሙን የሚፈርም፣ ለጎረቤቱም ጭምር እንደሚጽፍ የማይረሳ ሰው ዛሬ ይበልጥ ያስፈልገናል።

ውድ አንባቢያን፣ በተለይ በውጭ አገር ያላችሁ ወጣቶች፤ የእነዚያ ኅትመቶች ብዙዎቹ እትሞች ዛሬ የሚገኙት በየሰው ቤት፣ በየሣጥኑ ነው። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ከአገር ሲወጣ በሻንጣው ያመጣው የቢላል ቅጂ፣ የሙስሊሞች ጉዳይ አንድ እትም ሊኖር ይችላል። አትጣሉት። በስካነር አንሥታችሁ አስቀምጡት፤ ቤተ መጻሕፍት ስጡት። የሸህ ጦልሃ ዐጀሚ ጽሑፍ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለእኛ የደረሰው አንድ ሰው በቤቱ ስላስቀመጠው፣ አንድ ምሁርም ፈልጎ ስላነበበው ነው። የዓምደኞቹ ሥራ ከዚያ ያነሰ አይደለም፤ የታተመው ግን በርካሽ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱም ይበሰብሳል።

በ1966 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት አባቶችና እናቶች «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ አሉ። ልጆቻቸው ያንን ስም ሳምንት በሳምንት፣ እትም በእትም ጻፉት፤ ለእሱም ታሰሩ። ዛሬ ስሙን ማንም ያለ ክርክር ይጠራዋል። እኛ የምንጽፍና የምንናገር ሰዎች ማይክሮፎኑን ከማብራታችን በፊት፣ ይህን ቃል በስሜ ፈርሜ እዚያው አዲስ አበባ፣ ደሴ ወይም ጅማ ተቀምጬ ልጽፈው እችል ነበር ወይ ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ አዎ ከሆነ እንናገር።